ታሪኩ ሲያልቅ ማን ይናገር?

በወጣቶች ኅብረት የሥነ ጽሑፍ ምሽት ከሚነበቡት አጫጭር ልብ ወለዶች የብዙዎቹ አጨራረስ አንድ ነው። ጠጪው ወጣት መጠጥ ያቆማል፤ ከቤት የጠፋችው ልጅ እያለቀሰች ትመለሳለች፤ በአማኞች ሲያሾፍ የኖረው ጓደኛ በመጨረሻው ገጽ ላይ ጌታን ይቀበላል። ከዚያም ጸሐፊው ከታሪኩ ወጥቶ “ከዚህ የምንማረው” ብሎ ሁለት አንቀጽ ይጨምራል። አድማጩ “አሜን” ይላል፤ ያጨበጭባል። ወደ ቤቱ ሲሄድ ግን የባለ ታሪኩን ስም እንኳ አያስታውስም።

ይህን የምጽፈው ወጣት ጸሐፊዎቻችንን ለመንቀፍ አይደለም። እንዲህ የሚጽፉት ጌታን ስለሚወዱና ለጓደኞቻቸው መልካም ስለሚመኙ ነው። ነገር ግን ጉዳዩ ከአጻጻፍ ስልት ያለፈ ይመስለኛል፤ የሥነ ምግባር ጥያቄ አለበት። ለወጣት አንባቢ ታሪክ የሚጽፍ ክርስቲያን ትምህርቱን በግልጽ የመናገር ግዴታ አለበት? ሳይናገር ቢቀር አንባቢውን በጨለማ ውስጥ ጥሎት ሄደ ማለት ነው? ወይስ ትምህርትን በታሪክ ላይ በግድ መጫን ራሱ ከውሸት ወገን ሊሆን ይችላል?

እኔ የቤተ ክርስቲያን አስተማሪ ነኝ። ጥያቄ ሲቀርብልኝ መልስ እንድሰጥ ይጠበቅብኛል። ስለዚህ መልስ የማይሰጥ ታሪክ ሳነብ መጀመሪያ የሚሰማኝ ጥርጣሬ ነው። ሆኖም ጉዳዩን ባሰብኩበት መጠን፣ የአስተማሪንና የደራሲን ሥራ ስናደበላልቅ ሁለቱንም እንደምንጎዳ እያመንኩ መጥቻለሁ።

ሁለቱ ሥራዎች

አስተማሪና ደራሲ ዘመዳሞች ናቸው። ሁለቱም የልጅነትን ዕድሜ ካለፉ በኋላ ስለ ልጆች ያስባሉ። ሁለቱም የሚሠሩት በቃል ነው። ሁለቱም የዘሩትን ፍሬ ብዙ ጊዜ ሳያዩ ያልፋሉ። የቆሙበት ቦታ ግን ይለያያል።

አስተማሪ ተማሪዎቹን በዓይኑ ያያቸዋል። አንዱ ግንባሩን ሲቋጥር ያያል፤ ሌላዋ ልትጠይቅ ፈልጋ እጇን ግማሽ አንሥታ ስታወርድ ያያል። የተናገረው በተሳሳተ መንገድ ከተወሰደ በሚቀጥለው ሳምንት ሊያስተካክለው ይችላል። በተናገረውም ይጠየቅበታል። ያዕቆብ ብዙዎች አስተማሪ ለመሆን እንዳይሽቀዳደሙ ያስጠነቀቀው፣ የሚያስተምሩ ሰዎች የሚጠብቃቸው ፍርድ የከበደ መሆኑን አስቦ ነው (ያዕ. 3፥1)።

ደራሲ ግን አንባቢውን አያየውም። መጽሐፉን በታክሲ ወንበር ላይ የሚያነበው ማን እንደሆነ አያውቅም። በሌሊት በስልክ ብርሃን የምታነበው ልጅ እናቷን በቅርቡ የቀበረች ትሁን ወይም ነገ ፈተና ስላለባት እንቅልፍ ያጣች፣ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። እጇን አንሥታ ልትጠይቀው አትችልም። አንዳንዶች ከዚህ ተነሥተው “እንግዲያው ደራሲው ሁሉንም በግልጽ ይናገር፤ የሚያርመው የለምና” ይላሉ። እኔ ከዚሁ ነገር ተነሥቼ የምደርሰው ወደ ሌላ መደምደሚያ ነው። የማያየውን ሰው ሕይወት የማያውቅ ደራሲ በዚያ ሕይወት ላይ ፍርድ ለመስጠት መቸኮል የለበትም። ማድረግ የሚችለው ነገሩን እንዳለ፣ ሳይሸፍን ማሳየት ነው።

በአገራችን ሁለቱ ሥራዎች በአንድ ሰው ውስጥ ሲገናኙ አይተናል። “ፍቅር እስከ መቃብር”ን በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ሐዲስ ዓለማየሁ በወጣትነታቸው አስተማሪ ነበሩ፤ ከዚያ ልብ ወለድ በፊትም “ተረት ተረት የመሠረት” የተባለ የተረት መጽሐፍ አውጥተዋል። የከበደ ሚካኤልን “ታሪክና ምሳሌ” በትምህርት ቤት ሳለ ያነበበ ትውልድ ዛሬም ያስታውሰዋል። ብዙዎቻችን ደግሞ “ተረት ተረት” ሲባል “የላም በረት” እያልን ነው ያደግነው። ጅቡ በስግብግብነቱ ጉድጓድ ይገባል፤ ጦጣዋ በብልጠቷ ታመልጣለች፤ በመጨረሻም ምክሩ ይነገረናል። ይህ ክፉና ደጉን መለየት ለሚጀምር ትንሽ ልጅ መልካም ቅርስ ነው።

አሥራ አራት ዓመት የሞላው ልጅ ግን ጅብና ጦጣ የማይፈቱት ጥያቄ ይዞ ይመጣል። አባቱ ጸሎተኛ ሆኖ ሳለ ለምን ሥራ አጣ? እህቱ ስንት ጊዜ ተጸልዮላት ለምን አልተፈወሰችም? በጓደኛው ላይ ያደረበት ቅናት ኃጢአት ነው ወይስ በልጅነት የሚያልፍ ነገር? ለእንዲህ ዓይነቱ አንባቢ እንዴት ይጻፋል? ለዚህ ጥያቄ ሁለቱንም ሥራ የሠሩ አንዲት ሰው ምሳሌ እንዲሆኑን እፈልጋለሁ።

የሚሲዮናውያኑ ልጅ

አሜሪካዊቷ ደራሲ ካትሪን ፓተርሰን እ.ኤ.አ. በ1932 በቻይና ተወለዱ። ወላጆቻቸው የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ሚሲዮናውያን ነበሩ። በጦርነት ምክንያት ቤተሰቡ ቻይናን ለቅቆ ወጣ፤ ልጅቷም ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው እየተዘዋወሩ፣ በየቦታው እንግዳ እየሆኑ አደጉ። እ.ኤ.አ. በ1954 ኮሌጅ እንደጨረሱ በቨርጂኒያ ግዛት ላቬትስቪል በምትባል የገጠር ከተማ ለአንድ ዓመት የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎችን አስተማሩ። ከዚያ የክርስቲያን ትምህርት አጥንተው በጃፓን ለአራት ዓመት በሚሲዮናዊነት አገለገሉ። ወደ አገራቸው ተመልሰው የፕሬስቢቴሪያን አገልጋይ አገቡ፤ አራት ልጆችም አሳደጉ፤ ከአራቱ ሁለቱ በጉዲፈቻ የመጡ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣው የመጀመሪያ መጽሐፋቸው ልብ ወለድ አልነበረም፤ በቤተ ክርስቲያናቸው ጥያቄ ለአምስተኛና ለስድስተኛ ክፍል ልጆች የተዘጋጀ የትምህርት መጽሐፍ ነበር።

እንግዲህ እኚህ ሰው ማስተማር ያውቃሉ። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት እንዴት እንደሚዘጋጅም ያውቃሉ። ልብ ወለድ ሲጽፉ ግን ሌላ መንገድ ያዙ። ለምን እንደያዙ በይበልጥ ከሚታወቁበት መጽሐፍ መረዳት ይቻላል።

እ.ኤ.አ. በ1974 በቤታቸው ላይ ሁለት ከባድ ነገሮች ደረሱ። መጀመሪያ እርሳቸው በካንሰር ታመው ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ የስምንት ዓመት ልጃቸው የዴቪድ የልብ ጓደኛ የነበረች ልጅ በመብረቅ ተመትታ ሞተች። የሚሲዮናውያን ልጅ፣ ራሳቸው ሚሲዮናዊ የነበሩ፣ የአገልጋይ ሚስት ናቸው፤ ሆኖም የዚህ ሞት ትርጉም ጠፋባቸው። ትርጉሙን ለመፈለግ መጻፍ ጀመሩ። እርሳቸው እንደተናገሩት፣ ልጅቷ የምትሞትበት ምዕራፍ ላይ ሲደርሱ መቀጠል አቃታቸው፤ ሌላ ሌላ ሥራ እየፈለጉ ከጽሕፈት ጠረጴዛው ሸሹ። በመጨረሻ አንዲት ወዳጃቸው፣ የፈሩት የልጅቷን ሞት ሳይሆን የራሳቸውን ሞት እንደሆነ ነገረቻቸው። ከዚያ በኋላ ነው ምዕራፉን የጻፉት።

ይህን እናስተውል። አስቀድሞ የተዘጋጀ መልስ ይዘው ቢሆን ኖሮ ምዕራፉ ቀላል ይሆንላቸው ነበር። የከበደባቸው እውነቱን ለመጻፍ ስለፈለጉ ነው።

ከወንዙ ማዶ

መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1977 ታተመ፤ በሚቀጥለው ዓመትም በአሜሪካ ለልጆች ሥነ ጽሑፍ የሚሰጠውን የኒውበሪ ሜዳሊያ አገኘ። ስሙ በአማርኛ ቢባል “ወደ ተራቢቲያ የሚያሻግር ድልድይ” ነው።

ጄስ አሮንስ በአራት እህቶች መካከል ያለ ብቸኛ ወንድ ልጅ ነው። ቤተሰቡ ድሃ ነው። ሥዕል መሳል ይወዳል፤ አባቱ ግን ይህን ለወንድ ልጅ የሚሆን ነገር አድርገው አይቆጥሩትም። ሌስሊ በርክ የምትባል ከከተማ የመጣች ልጅ ጎረቤቱ ትሆናለች፤ በሩጫ ትቀድመዋለች፤ ከዚያ ጓደኛው ትሆናለች። ከወንዝ ማዶ ባለው ጫካ ውስጥ በሐሳባቸው አንድ መንግሥት ፈጥረው ተራቢቲያ ይሉታል። ወደዚያ የሚሻገሩት ከዛፍ ላይ በተንጠለጠለ ገመድ እየተወዛወዙ ነው። አንድ ሰሞን ዝናቡ ሳያባራ ሰነበተ፤ ወንዙም ሞላ። ጄስ ፈራ፤ ፍርሃቱን ግን ለመናገር አፈረ። በዚያው ሰሞን በጣም የሚወዳቸው የሙዚቃ አስተማሪ ወደ ዋሽንግተን ሙዚየሞች ይዘውት ሄዱ። ሌስሊም አብራን ትምጣ ማለት ይችል ነበር። አላለም። አስተማሪዋን ለብቻው በማግኘቱ ደስ ብሎት ነበር። ሲመለስ ሌስሊ ብቻዋን ልትሻገር ስትል ገመዱ ተበጥሶ መሞቷን ሰማ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። እኛ ይህን ታሪክ ብንጽፈው ኖሮ በጄስ ላይ ቶሎ እንፈርድ ነበር። አንዳችን ራስ ወዳድነት የሚያመጣውን መዘዝ እንድንማርበት እናደርገዋለን። ሌላችን ሌስሊን በሕልም አምጥተን “አይዞህ፣ ጥፋቱ ያንተ አይደለም” እናስብላታለን። ፓተርሰን ሁለቱንም አላደረጉም። ያቺ ትንሽ ደስታና ያ ያልተነገረ ግብዣ በልጁ ደረት ላይ እንደ ድንጋይ ሲከብዱት ያሳዩናል፤ ከዚያ ይተዉናል። አንባቢው ያን ጊዜ የራሱን ያስታውሳል። ሳይደውልለት የቀረውን ሰው፣ ሳይጠራው የቀረውን ጓደኛ ያስታውሳል። ምንም ስብከት አልተሰበከለትም፤ ሕሊናው ግን ሥራ ጀምሯል።

ከክፍል ውጭ የተጠራው ተማሪ

በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ለእኛ ለአስተማሪዎች የተጻፈ የሚመስለኝ አንድ ገጽ አለ። የጄስ የአምስተኛ ክፍል አስተማሪ ወይዘሮ ማየርስ ኮስታራ ናቸው። ተማሪዎቹ በድብቅ የጭራቅ ስም አውጥተውላቸዋል። ጄስ ከሐዘኑ በኋላ ወደ ክፍል ሲመለስ ወይዘሮ ማየርስ ወደ ኮሪደሩ ይጠሩታል። ቁጣ ይጠብቃል። እርሳቸው ግን ድምፃቸው እየተንቀጠቀጠ፣ በማስተማር ዘመናቸው ሁሉ እንደ ሌስሊ ያለች ተማሪ እንዳላገኙ ይነግሩታል። ባላቸው በሞተ ጊዜም ሰዎች አታልቅሺ እያሉ ሊያስረሷቸው ይሞክሩ እንደነበረና እርሳቸው ግን መርሳት እንዳልፈለጉ ያጫውቱታል። ጄስ ይህን ሲሰማ ይደነቃል። ጭራቅ ያላቸው ሴት ባል ነበራቸው፤ ያፈቅሩት ነበር፤ ሞቶባቸዋል።

ወይዘሮ ማየርስ ለምን እንደሞተች አላብራሩለትም። ትምህርትም አልሰጡትም ማለት ይቻላል። የሰጡት ያልተጨረሰ የራሳቸውን ሐዘን ነው። ልጁ ግን ከዚያ ኮሪደር ሲመለስ ብቻውን አይደለም። አስተማሪነት ከሥርዓተ ትምህርቱ በላይ ምን እንደሆነ ይህን ያህል በአጭሩ የሚያሳይ ገጽ ብዙ አላነበብኩም። ለአስተማሪዎች በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ “ሐዘን የደረሰበትን ተማሪ ቅረበው” ቢባል ማስታወሻ ደብተሬ ላይ እጽፈዋለሁ። ይህን ገጽ ሳነብ ግን የክፍሌን ልጆች ፊት አየሁ።

ነገሩ ወደ እኛ ቤትም ይመጣል። እኛ ወንጌላውያን ለቅሶ ቤት ስንገባ ከአፋችን ቶሎ የሚወጣው “አታልቅሱ፣ ጌታ ጋ ነው ያለው” የሚለው ቃል ነው። የምንለው ለማጽናናት ነው፤ ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች የጻፈውንም አስበን ነው (1ተሰ. 4፥13)። ነገር ግን ጳውሎስ የከለከለው ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች ማዘንን ነው፤ ማዘንን አልከለከለም። ጌታ ራሱ አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ አልቅሷል (ዮሐ. 11፥35)። ጓደኛው የሞተበት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ በመካከላችን ቢቀመጥ የትንሣኤን ተስፋ ማስተማር ግዴታዬ ነው፤ ይህን አልተውም። መቼና በምን ዓይነት ድምፅ እንደማስተምረው ግን ከወይዘሮ ማየርስ እማራለሁ። እርሳቸውን የፈጠረችው ደግሞ ራሷ አስተማሪ የነበረች ደራሲ ናት።

ከባዱ ተቃውሞ

አሁን ወደ ሌላው ወገን እንምጣ። ይህ መጽሐፍ በአሜሪካ ከትምህርት ቤቶችና ከቤተ መጻሕፍት ይውጣልን የሚል አቤቱታ በብዛት ከቀረበባቸው መጻሕፍት አንዱ ነው። የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር ስለ 1990ዎቹ ባወጣው ዝርዝር ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ አሥር መካከል ይገኛል። ከተቃወሙት ውስጥ ክርስቲያን ወላጆችም ነበሩ። የጌታ ስም በዘልማድና በከንቱ የሚጠራበት አነጋገር አለበት ብለዋል፤ የልጅ ሞት ለልጅ አንባቢ ይከብዳል ብለዋል። የሚሲዮናውያን ልጅ የጻፈችው መጽሐፍ በአማኞች እጅ ሲከሰስ ማየት ያስገርማል። ተቃውሞውን አቃልለን ማለፍ ግን አይገባንም። ጌታ ከታናናሾች አንዱን ስለሚያሰናክል ሰው የተናገረው ማስጠንቀቂያ (ማቴ. 18፥6) ደራሲን ዘሎ አያልፍም።

ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስቸግረኝ ሌላ ቦታ ነው። ሌስሊ አንድ ጊዜ ለትንሣኤ በዓል ከጄስ ቤተሰብ ጋር ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። ቤተሰቧ አማኝ አይደለም። ስትመለስ የኢየሱስ ታሪክ ውብ መሆኑን ትናገራለች፤ በቤተ ክርስቲያን ያደጉት ልጆች ግን ታሪኩን በፍርሃት እንጂ በደስታ እንደማያስቡት ታስተውላለች። የጄስ ታናሽ እህት ሜይ ቤል ደግሞ መጽሐፍ ቅዱስን የማያምን ሲሞት ወደ ሲኦል እንደሚሄድ ትነግራታለች። ሌስሊ ከሞተች በኋላ ይህ ነገር ጄስን ያስጨንቀዋል፤ አባቱንም ይጠይቃል። ያ ኮስታራ አባት ልጁን በወንዙ ዳር አቅፎት፣ እግዚአብሔር ትናንሽ ልጃገረዶችን ወደ ሲኦል እንደማይልክ ይመልስለታል።

ጥያቄው በክፍሌ ቢቀርብልኝ በዚያ መልስ ላይ አላቆምም ነበር። ስለ ፍርድም ስለ ጸጋም ከቃሉ አስተምር ነበር። አብርሃም የምድር ሁሉ ፈራጅ በቅን እንደሚፈርድ የታመነበትን ቦታም እንከፍት ነበር (ዘፍ. 18፥25)። አባትየው ግን በዚያ ሰዓት ክፍል እያስተማረ አልነበረም፤ የሚያለቅስ ልጅ አቅፎ ነበር። ደራሲዋ የጻፉት እንደዚያ ያለ አባት፣ በዚያ ቦታ፣ በዚያ ሰዓት ሊናገር የሚችለውን ነው። የእርሱን አፍ ተውሰው የተሟላ የነገረ መለኮት ትምህርት ቢያስነግሩት ኖሮ ምናልባት እኛ ደስ ይለን ነበር። አባትየው ግን ሰው መሆኑ ይቀርና አሻንጉሊት ይሆናል፤ ልጅ አንባቢም አሻንጉሊትን በቀላሉ ይለያል።

ተቃዋሚዎቹ የልጅን ልብ መጠበቅ አለብን ማለታቸው ልክ ነው። የምለያቸው አደጋው በሚገኝበት ቦታ ላይ ነው። ልጅ ከባድ ጥያቄ ማንበቡ ብቻውን አያጠፋውም፤ ያንን ጥያቄ በሕይወቱ ቀድሞ አግኝቶት ሊሆን ይችላል። የሚያጠፋው ጥያቄውን ይዞ የሚሄድበት ሰው ማጣቱ ነው። መጽሐፉ ክፍት አድርጎ የተወውን በር ገብቶ የሚቀጥል እናት፣ አባት ወይም አስተማሪ ያስፈልገዋል። መጽሐፉን ከመደርደሪያው ማውረድ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ከልጁ ጋር ተቀምጦ መነጋገር ግን ጊዜም ድፍረትም ይጠይቃል።

ነቢዩ ታሪክ ሲጀምር

መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ ሁለቱንም ሥራ ያውቃል። ናታን ወደ ዳዊት ሲገባ ሕጉን በመጥቀስ አልጀመረም። ስለ አንድ ባለጠጋና ስለ አንዲት ትንሽ የበግ ግልገል ታሪክ ነገረው። ዳዊት ታሪኩ ስለ ራሱ መሆኑን አላወቀም፤ ስለዚህ በቅንነት ፈረደ። ናታን ያን ጊዜ ነው ያ ሰው አንተ ነህ ያለው (2ሳሙ. 12፥1–7)። መጀመሪያ ታሪኩ፣ ከዚያ የአድማጩ ሕሊና፣ ከዚያ የነቢዩ ቃል መጣ። ናታን የመጨረሻውን መጀመሪያ ቢያደርገው ኖሮ ንጉሡ መከላከያውን አዘጋጅቶ ይጠብቀው ነበር።

ጌታችንም እንዲሁ አደረገ። ስለ ጠፋው ልጅ በተናገረው ምሳሌ መጨረሻ ላይ ታላቅየው ወንድም ከቤቱ ውጭ ቆሟል፤ አባቱ እየለመነው ነው። ገባ ወይስ አልገባም? አልተነገረንም (ሉቃ. 15፥28–32)። ታሪኩን ይሰሙ የነበሩት ፈሪሳውያን ራሳቸው ደጅ ላይ ቆመው ነበርና መጨረሻውን መጻፍ የእነርሱ ድርሻ ነበር። ስለ ደጉ ሳምራዊ በተናገረ ጊዜም መልሱን ከጠያቂው አፍ አወጣ (ሉቃ. 10፥36–37)። የዮናስ መጽሐፍ የሚያልቀው በጥያቄ ነው፤ ነቢዩ ምን እንደመለሰ እስከ ዛሬ አናውቅም።

ይህ ማለት ግን ትርጓሜ አያስፈልግም ማለት አይደለም። ማርቆስ እንደሚነግረን ጌታ ለሕዝቡ በምሳሌ ይናገር ነበር፤ ለደቀ መዛሙርቱ ግን ለብቻቸው ሁሉን ይፈታላቸው ነበር (ማር. 4፥34)። በዚህ አንድ ቁጥር ውስጥ ሁለቱም ሥራዎች አሉ። ታሪኩ በአደባባይ ክፍት ሆኖ ይነገራል፤ ፍቺው ደግሞ በቅርበት፣ በሚተዋወቁ ሰዎች መካከል፣ ጥያቄ ሊጠየቅ በሚቻልበት ቦታ ይሰጣል። ደራሲው የመጀመሪያውን ይሠራል፤ አስተማሪው ሁለተኛውን።

ነፃነቱ የት ድረስ ነው?

እንግዲያው ደራሲ የፈለገውን ይጻፍ ማለት ነው? አይደለም። ስብከት የመጨመር ዕዳ ባይኖርበትም እውነት የመናገር ዕዳ አለበት። ይህም ዕዳ ሁለት ጎን አለው። ኃጢአትን ዋጋ የማያስከፍል አስመስሎ የሚጽፍ ይዋሻል። ተስፋ ጭራሽ የሌለ አስመስሎ የሚጽፍም፣ ለአማኝ ጸሐፊ፣ ይዋሻል።

እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው ሌላው የፓተርሰን መጽሐፍ ይህን ያሳያል። ባለ ታሪኳ ጊሊ ሆፕኪንስ ከአንዱ አሳዳጊ ቤት ወደ ሌላው የተገፋች ልጅ ናት። አዲሷን አሳዳጊዋን ጠልታ ለወላጅ እናቷ በውሸት የተሞላ የክስ ደብዳቤ ትጽፋለች። ቆይቶ አሳዳጊዋን ትወዳለች፤ ያ ቤትም ቤቷ ይሆናል። ደብዳቤው ግን ሥራውን ሠርቷል፤ በእርሱ ምክንያት አያቷ መጥተው ይወስዷታል። ልቧ ተለወጠ፤ የድርጊቷ ውጤት ግን አልተሰረዘም። ዳዊትም ኃጢአቱ ይቅር ተብሎለት ሳለ ዋጋ ከፍሏል (2ሳሙ. 12፥13–14)። በእኛ የሥነ ጽሑፍ ምሽቶች ንስሓ የገባ ባለ ታሪክ ሥራውን፣ ጤናውንና እጮኛውን በአንድ ገጽ መልሶ ያገኛል። ይህን የሚያነብ ወጣት በእውነተኛው ሕይወቱ ንስሓ ገብቶ ሥራውን ባያገኝ ምን ይላል? ከታሪኩ ጸሐፊ ጋር ብቻ ሳይሆን ከጌታ ጋር የሚጣላበትን ምክንያት ሰጥተነዋል ማለት ነው።

ተስፋን በተመለከተ ደግሞ ወደ ጄስ እንመለስ። በመጽሐፉ መጨረሻ ከጣውላ ድልድይ ሠርቶ ትንሿን እህቱን ሜይ ቤልን በዚያ ያሻግራታል። ሌስሊ የሰጠችውን ለሌላ ሰጠ። የሞቷ ምክንያት አልተነገረውም። ነገር ግን ከዚያ በኋላ የሚሻገር ልጅ በገመድ ላይ አይወዛወዝም። እኔ በዚህ አጨራረስ ውስጥ ከብዙ “ከዚህ የምንማረው” የበለጠ ወንጌል አያለሁ። መጽሐፉ የተጻፈለት ልጅ ዴቪድም አድጎ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣውን ፊልም ከጻፉት አንዱ ሆኗል። በስምንት ዓመቱ “ለምን?” ለሚለው ጥያቄ የተሟላ መልስ አላገኘም፤ እናቱ የሰጡትን ታሪክ ግን አልጣለውም።

ለምትጽፉና ለምታስተምሩ

የምትጽፉ ወጣቶች ሆይ፣ ባለ ታሪካችሁን በመጨረሻው ገጽ ላይ ለማዳን አትቸኩሉ። ሰውን የሚያድነው መንፈስ ቅዱስ ነው፤ የእናንተ ድርሻ ያንን ሰው በእውነት ማየት ነው። የማታውቁትን ምስክርነት አትፍጠሩለት። የምታውቁትን ፍርሃትና ቅናት ግን አትደብቁበት። ታሪኩ ሲያልቅ ልትጨምሩት ያሰባችሁትን ማብራሪያ ደግማችሁ አንብቡት። ታሪኩ ያንን ነገር ካሳየ ማብራሪያው ትርፍ ነው። ካላሳየ ደግሞ መታረም ያለበት ታሪኩ ነው።

በሰንበት ትምህርት ቤት የምታስተምሩም፣ ልጆች አንብበውት የመጡትን መጽሐፍ አትፍሩ። ቀድማችሁ አንብቡት፤ ጥያቄያቸውን አድምጡ። ከዚያም እናንተ ደራሲ አይደላችሁምና ክፍት አድርጋችሁ አትሂዱ፤ ከቃሉ የምታውቁትን በግልጽ ተናገሩ። ታሪኩ የከፈተውን ልብ ቃሉ ይግባበት።

ኅብረቶቻችን ደግሞ አንድ ነገር ቢሞክሩ እወዳለሁ። በሚቀጥለው የሥነ ጽሑፍ ምሽት የምታቀርቡት ጽሑፍ “ከዚህ የምንማረው” የሚለው ክፍል ይቅርበት። ታሪኩ ሲያልቅ አንባቢው ይቀመጥ፤ ቤቱ ጥቂት ዝም ይበል። ከዚያ መጀመሪያ የሚናገረው አድማጩ ይሁን፤ አስተማሪው የመጨረሻውን ተራ ይያዝ።

ለኅብረት ውይይት

1. ናታን ታሪኩን ትቶ በቀጥታ ቢወቅሰው ኖሮ ዳዊት ምን የሚመልስለት ይመስላችኋል?

2. ጄስ ሌስሊን ሳይጋብዝ መሄዱ ጥፋት ነው? አስተማሪው ብትሆኑ ምን ትሉት ነበር? ደራሲው ብትሆኑስ?

3. ሐዘን በደረሰባችሁ ጊዜ የረዳችሁ ቃል የትኛው ነበር? የከበዳችሁስ?

4. አንብባችሁት ለማንም ሳትነግሩ የያዛችሁት ጥያቄ አለ? በኅብረታችሁ ውስጥ ይዛችሁት የምትሄዱበት ሰው ማን ነው?